ሥራ ለቅቆ አገር መለወጥ፤ የአሶሳው ጥያቄ

(ከጥናት ቡድናችን ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ)

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ከእኛ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ አንድ ጓደኛችን ወደ ማደሪያ ክፍላችን መጥቶ አመሸ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ተቀጥሮ ይኖራል። በተማሪነቱ ዘመን በክርክር መድረካችን ላይ አንደበቱ የተባ፥ ሣቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። በዚያች ማታ ግን ፊቱ ገርጥቶ፥ ቃሉ አጥሮ አገኘነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ለታክሲ እንደሚሰለፍ፥ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቱ እንደሚገባ፥ የደመወዙ እኩሌታ ለቤት ኪራይ እንደሚሄድ፥ አለቃውም በእሑድ ቀን ሳይቀር ስልክ እየደወለ እንደሚጠራው ነገረን። በመጨረሻም «ሥራዬን ልለቅ ነው። አሶሳ ሄጄ፥ መሬት ይዤ፥ ማንጎ ልተክል ነው። ከእናንተም ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው የሚከተለኝ እንደ ሆነ ልጠይቅ መጣሁ» አለን።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ከዓይኑ አየን። ከመካከላችንም ሁለቱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ሁላችንም በሚቀጥለው ዓመት የምንመረቅ ነንና የእርሱ ኑሮ የእኛም ኑሮ እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ ወዲያው እሺም እንቢም ሳንል፥ በቡድናችን ልማድ ጥያቄውን ከስሜት ለይተን ልንመረምር ተነሣን። ዕድል ሆኖ ከአባሎቻችን አንዱ አሶሳ የተወለደ የበርታ ልጅ ነው። ሌላይቱ ደግሞ አያቶቿ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ወደ አሶሳ በሠፈራ የሄዱ ናት። ከመጻሕፍት ያገኘነውን ከእነርሱ ከሰማነው ጋር አስተያይተን ለአንባብያን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

፩. ሕልሙ

ከተማ የሰለቸው ሰው ሩቅ አገር መመኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጅ አገር ይህ ምኞት ብዙ ጊዜ የባሕር ደሴት መልክ አለው፤ ዘንባባ፥ ሞቃት ባሕር፥ ያለ ድካም የሚለቀም ፍሬ። በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ስሙ የታወቀው ሠዓሊው ፖል ጎጋን ነው። ጎጋን በፓሪስ በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ ሰው ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1882 ገበያው ወደቀ፤ በተከታዩም ዓመት ጎጋን ሥራውን ትቶ ሥዕልን ሙያው አደረገ። በ1891 ወደ ታሂቲ ደሴት ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ ግን ዋናዋን ከተማ ፓፔቴን የፈረንሳይ ሹሞችና ነጋዴዎች ይዘዋት አገኘ፤ የሸሸው ነገር ቀድሞት ደርሶ ነበር። በኋላም ገንዘብ አጠረው፥ ታመመ፤ በ1898 በዚያችው በፓፔቴ በመንግሥት የሕዝብ ሥራ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ተቀጠረ። በ1903 በማርኬሳስ ደሴቶች ሞተ። ሥዕሎቹ ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ከቢሮ ጠረጴዛ የሸሸው ሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፥ ከዓለም በሌላው ዳር፥ እንደገና ከቢሮ ጠረጴዛ ፊት መቀመጡን ልብ ይሏል።

እኛ የባሕር ደሴት የለንም። የጣና ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ ዓለምን የናቁ መነኮሳት መኖሪያ ናቸው፤ መነኩሴ ግን ኑሮን ሊተው እንጂ ኑሮን እንደገና ሊጀምር አይሄድም። ስለዚህ የእኛ ሰው ምኞት ወደ ቆላው፥ ወደ ለምለሙ ምዕራብ ያዘነብላል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ በዘመናችን ግን የሚናፍቀው ያላዩት አገር ሆኗል።

፪. ምድሪቱ

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የመኪናው መንገድ በነቀምት፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲና በባምባሲ ያልፋል። ይህ መንገድ ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ መታወክ ምክንያት በየጊዜው ሲቋረጥ ቆይቷል፤ የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትሞቃለች፤ ወደ ሱዳን ዳርና ወደ ዓባይ ሸለቆ በተወረደ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። ክልሉን ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በሰሜን፥ አሶሳና ካማሺ በደቡብ ናቸው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የተሠራው በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ነው፤ የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ዝናቡ በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ በሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ማሽላ፥ በቆሎ፥ ዳጉሳ፥ ሰሊጥ፥ ለውዝና አኩሪ አተር ይበቅሉበታል። የቆላ ቀርከሃው ሰፊ ነው፤ በኢትዮጵያ ካለው ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር ያላነሰ ቀርከሃ ብዙው የቆላው ዓይነት ሲሆን፥ የዚህም ትልቁ ክፍል በዚህ ክልል ይገኛል። ቀርከሃው ለቤት፥ ለአጥርና ለዕቃ ይሆናል፤ እንቡጡም በክረምት ተቀቅሎ ይበላል። ማንጎው ደግሞ በየቤቱ ደጅ ቆሟል። ጓደኛችን በሥዕል ያየው አረንጓዴ እንግዲህ ውሸት አይደለም።

፫. ባዶ የሚመስል መሬት

የመጀመሪያው ስሕተት የሚጀምረው «ሰፊ ባዶ መሬት አለ» ከሚለው ቃል ነው። የጉሙዝና የበርታ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በመቆፈሪያ እየቆፈረ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ያርሳል፤ ከዚያም መሬቱ እንዲያርፍ ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል። የተተወው ማሳ ዱር ይለብሳል፤ ጉልበቱ ሲመለስለት ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ወገን ይመለስበታል። ከዱሩም ማር ይቈርጣሉ፥ ሥራሥርና ፍሬ ይለቅማሉ፥ ያድናሉ። ከመኪና መስኮት ለሚያይ እንግዳ ይህ ሁሉ ባዶ ነው። ለአገሩ ሰው ግን እንደ ጎተራ ነው።

ይህንን ነገር የበርታው ጓደኛችን ባጭሩ አስረዳን፤ «አያቴ እያንዳንዱን የማር ዛፍ የማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። እናንተ ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም ታያላችሁ» አለ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ «ገንዘብ አጠራቅሜ መሬት እገዛለሁ» የሚለው አሳብ ከመነሻው አይጸናም። ከመንግሥት በኪራይ መውሰድ ይቻላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ክልል ብዙ ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ከወሰዱት ውስጥ ብዙዎቹ የተረከቡትን ሳያለሙ ቀርተዋል። ዱሩ ሲመነጠር የአገሩ ሰው ማሩንና የሚያሳርፈውን መሬት አጣ፤ በፋንታው የተባለው እርሻ በብዙ ቦታ አልመጣም።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፥ ጉሙዝን፥ ሽናሻን፥ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ይጠራል፤ ሌሎች ነዋሪዎችም እንዳሉበት ያውቃል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ወደ 784 ሺህ ሲሆን፥ ከዚያ ውስጥ በርታ ሩብ ያህል፥ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው አንድ አምስተኛ ያህል ነበሩ፤ ኦሮሞና ሽናሻ ይከተላሉ። ባለቤትና መጤ የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ብዙ ሰው ተገደለ፥ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ፤ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በአንድ ቀን ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ሁሉም ወገን ሙታኑን ቀብሯል። እንዲህ ያለ ኀዘን ወዳለበት አገር ዕረፍት ፍለጋ የሚሄድ ሰው፥ መሄዱ ለአገሩ ሰው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

፬. ከእኛ በፊት የሄዱ

ወደዚያ አገር ሀብትንና አዲስ ኑሮን ፈልገን ስንመጣ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1812 እና በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ሲያስወርር ዋና ፍላጎቱ ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ወርቁ አለበት የተባለውም ይኸው የፋዞግሊና የቤኒ ሻንጉል ዳር ነው። ብዙ ደከመ፥ የጠበቀውን ያህል ወርቅ ግን አላገኘም። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ለዐፄ ምኒልክ አገሩን አስገበሩ። የአሶሳው ገዥ ሼኽ ሖጀሌም ከዚያ በኋላ ለማዕከላዊው መንግሥት የወርቅ ግብር ሲያስገቡ ኖሩ። በሁለቱም ዘመን ከዚያ የወጣው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ የበርታና የጉሙዝ ልጅ በባርነት ተግዟል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በዚያ ምድር ለምን በጥርጣሬ እንደሚታይ ከዚህ ይገባናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የ1977ቱ ሠፈራ ነው። በዚያ ዘመን በደረሰው ታላቅ ረኃብ የወታደራዊው መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሻገረ። አሶሳና መተከል ከዋናዎቹ መድረሻዎች ነበሩ። ከሄዱት ውስጥ ወድዶ የሄደም ተገድዶ የሄደም ነበረ፤ ቤተሰብ የተለያየበትም ብዙ ነው። መንደሮቹ ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም በአሶሳ ዙሪያና በፓዌ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉ። ደገኛው ሕዝብ ወባን አያውቀውምና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው ሞተ። በሬው ደግሞ በቆላ ዝንብ በሚመጣው በገንዲ በሽታ ስለሚያልቅ፥ በበሬ ማረስ የለመደው የወሎ ገበሬ እጁ ታሰረ። በፓዌ በኢጣልያ መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ዱሩ በመሣሪያ ተመነጠረ፥ እርሻው በትራክተር ታረሰ፥ ሆስፒታልም ተሠራ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ትራክተሩም አብሮ ቆመ።

የሠፋሪ የልጅ ልጅ የሆነችው እኅታችን የአያቷን ነገር እንዲህ ብላ ነገረችን። አያቷ ከደረሱ በኋላ ሦስት ክረምት ሙሉ «ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ይሉ ነበር። በአራተኛው ክረምት ግን አንዲት የበርታ ሴት ባምያ እንዴት እንደሚደርቅና ከማሽላ ገንፎ ጋር እንዴት እንደሚበላ አሳየቻቸው፤ እርሳቸውም በፈንታው እንጀራ መጋገር አሳዩአት። «አያቴ አሶሳ የገባችው በዚያ ዓመት ነው እንጂ በ1977 አይደለም» ብላ ጨረሰች። እኛም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከመጽሐፍ አላገኘንም።

፭. የማንጎው ሒሳብ

አሁን ወደ ጓደኛችን ዕቅድ እንመለስ። እርሱ የሒሳብ ሰው ነውና በሒሳብ እንናገረው።

አንድ ሰው በጥር ወር አሶሳ ደረሰ እንበል። እስከ ሚያዝያ ማሳ ያዘጋጃል፤ በግንቦትና በሰኔ ይዘራል፤ ማሽላውን የሚያጭደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ሁሉ ነገር ቢቀናው እንኳ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ወር የሚበላው ከኪሱ ነው። ማንጎው ደግሞ ይዘገያል፤ በማዳቀል የተዘጋጀ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲፈልግ፥ ከፍሬው ዘር የበቀለ ከዚያ እጅግ ይዘገያል። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፥ በቅጠልና በፍሬ ላይ ነጭ ቅርፊት መስሎ የሚለጠፍ ጥቃቅን ተባይ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ተሻግሮ ማንጎውን ይጎዳል። በዚህ ላይ አጎበርና የወባ መድኃኒት፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ የመመላለሻ ገንዘብ ይጨመር።

ይህንን ሁሉ ተሻግሮ ፍሬ ደረሰለት እንበል። ያን ጊዜ የጎረቤቱም፥ የጎረቤቱ ጎረቤትም ማንጎ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። አሶሳ ከማዕከላዊው ገበያ ሩቅ ናት፤ ማንጎ ደግሞ ቀን የማይሰጥ ፍሬ ነው። በየዓመቱ ብዙው በዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። የበርታው ጓደኛችን «በልጅነታችን በማንጎ እንወራወር ነበር» ያለን ለዚህ ነው። አገሩ የጎደለው እንግዲህ የማንጎ ዛፍ አይደለም። የጎደለው ፍሬውን በጊዜ የሚሰበስብ፥ የሚያሽግ፥ የሚያጓጉዝ፥ የሚያደርቅ ወይም የሚጨምቅ፥ ከሁሉም በፊት ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሸጡ ገቢና ወጪውን በትክክል የሚጽፍ ሰው ነው።

ይህን ስንደርስበት ሁላችንም ዝም አልን። ጓደኛችን የሚሸሸው የሒሳብ መዝገብ፥ አሶሳ ከእርሱ ልትፈልገው የምትችለው ዋና ነገር ሆኖ ተገኘ።

የበርታው ጓደኛችን ሌላም ነገር ጨመረ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ተምረው በአገራቸው ሥራ ስላጡ ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል፤ እነርሱም በዚያው በታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። «የእኔ ወንድሞች እዚህ የመጡት እናንተ የምትሸሹትን ደመወዝ ፈልገው ነው። እናንተ ደግሞ እነርሱ የተዉትን መሬት ትፈልጋላችሁ። ሁለታችሁ በመንገድ ላይ ነቀምት ብትገናኙ ምን ትባባሉ ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

፮. ያገኘነው ውሳኔ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቡድናችን «አትሂድ» የሚል ፍርድ አልሰጠም። በአገራችን ውስጥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ሄዶ መሥራት መብት ነው፤ የሚጠቅምም ነገር ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች አገራቸውን ያወቁት በዚያች ዓመት ነው። እነርሱ የሄዱት አንድ የታወቀ ሥራ ይዘው፥ ለተወሰነ ጊዜ፥ ለመማርም ለማስተማርም ነበር። ለጓደኛችንም የመከርነው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ይኸውም፦

አንደኛ፥ መሬት ከመጠየቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት፥ ክረምቱንም በጋውንም፥ በደመወዝ ሥራ አሶሳ ይቀመጥ። በርታኛ ቢያንስ ሰላምታና የገበያ ቋንቋ ይማር።

ሁለተኛ፥ ከእርሻ በፊት ማኅበር ይፈልግ። የአገሩ ገበሬዎች ያቋቋሙት ማኅበር ካለ በሙያው ያገልግል፤ አለቃ ለመሆን ግን አይቸኩል።

ሦስተኛ፥ ያለ ገቢ ሁለት ዓመት የሚያኖረው ገንዘብ ሳይኖረው ሥራውን አይልቀቅ።

አራተኛ፥ ድካሙን ከሥራው ለይቶ ይመርምር። የታክሲው ሰልፍ፥ የቤቱ ኪራይ፥ የእሑዱ ስልክ የእርሱ ብቻ ችግር አይደሉም፤ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ሁሉ ችግር ናቸው። ባልደረቦቹን አስተባብሮ ስለ ሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ ቢሄድ፥ በእርሱ ወንበር ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀመጠው ከእኛ አንዱ ነው፤ ስልኩም ለእርሱ ይደወላል።

ይህንን ጽፈን ስንሰጠው ሁለት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እናንተ ገና ደመወዝ ያልበላችሁ ሰዎች ናችሁ» አለን። እውነቱን ነው። ከዚያ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ በርታው ጓደኛችን ዞሮ «በርታኛ እንደምን አደራችሁ ምንድር ነው የሚባለው?» ብሎ ጠየቀው። በየቅዳሜው ማታ አንድ ሰዓት ያህል ይማማራሉ፤ ከእኛም ሁለቱ አብረው ይቀመጣሉ። ሥራውን እስካሁን አልለቀቀም። በመሥሪያ ቤቱም ስለ እሑዱ ሥራ አሥራ አንድ ባልደረቦቹ ፈርመውበት አንድ ማመልከቻ አስገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች፦

ሀ. ሁላችን ስንመረቅ ወደ አንድ ከተማ የምንጎርፍበት ምክንያት ምንድር ነው? ከምክንያቶቹ የትኞቹን እኛ ልንለውጥ እንችላለን?

ለ. ወደ ሌላ ክልል ሄዶ ለመሥራት የሚፈልግ ምሩቅ ከመሄዱ በፊት ማንን መጠየቅ፥ ምንስ ማወቅ ይገባዋል?

ሐ. ከየክልሉ የመጡ አባሎች ስለ አገራቸው እንዲህ ያለ ጥናት ቢያቀርቡ፥ ቡድናችን በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ለመስማት ዝግጁ ነው። የሚቀጥለውን ማን ይጀምራል?